ከሚሄድ መኪና ላይ የመንገድን ገጽ ስለ መለካት



የባሌ ስንዴ ለገበያ የሚደርሰው፣ ሕመምተኛም ወደ ጎባ ሆስፒታል የሚመጣው በመንገድ ነው። የትኛው መንገድ አስቀድሞ ይጠገን ተብሎ ሲጠየቅ ከሚቀርቡት ማስረጃዎች አንዱ የመንገዱን ጉርብጥብጥነት የሚያሳየው ቁጥር ነው። ስለዚህ ቁጥሩ እንዴት እንደሚገኝ፣ ምን ያህልስ እንደሚታመን መመርመር ይገባናል።

የመንገድን ገጽ በቀያሽ መነጽርና በሜትር ዘንግ መለካት እርግጠኛ ነው፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ተሠርቶ ጥቂት ብቻ ይገፋል። ስለዚህ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የጄኔራል ሞተርስ መሐንዲሶች እየሄደ የሚለካ መኪና አዘጋጁ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ አንዱ መሣሪያ በመኪናውና በመንገዱ መካከል ያለውን ከፍታ ይለካል። አክስለሮሜትር የተባለው ሁለተኛው፣ መኪናው ሲነሣና ሲወድቅ የሚያሳየውን የፍጥነት ለውጥ ይመዘግባል። ሦስተኛው የተሄደውን ርቀት ይቈጥራል። የፍጥነቱ ለውጥ በጊዜ ላይ ሁለት ጊዜ ሲጠራቀም የመኪናው ውጣ ውረድ ይገኛል፤ ከእርሱ ላይ የመጀመሪያው ልክ ሲቀነስ የመንገዱ ገጽ ይቀራል።

ስሕተት የሚገባውም በዚሁ ማጠራቀም ላይ ነው። አክስለሮሜትሩ በሴኮንድ በሴኮንድ 1 ሚሊሜትር ብቻ ቢያዛባ፣ ከ10 ሴኮንድ በኋላ 5 ሳንቲሜትር፣ ከ20 ሴኮንድ በኋላ 20 ሳንቲሜትር የሌለ ጉብታ ይፈጥራል። ስለዚህ ረጃጅሙ ውጣ ውረድ ሆነ ተብሎ ተጣርቶ ይወጣል። በ1982 እ.ኤ.አ. በብራዚሊያ ከተደረገው ሙከራ የተገኘው ዓለም አቀፍ መለኪያ ግን ይህን አይፈልግም፤ በይበልጥ የሚመለከተው ከ1.3 እስከ 30 ሜትር ርዝመት ያለውን ሞገድ ነውና።

ፍጥነትስ? 20 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ሞገድ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲታለፍ፣ በ80 ከሚሰጠው ምልክት አንድ ዐሥራ ስድስተኛውን ብቻ ይሰጣል። ከሮቤ ወደ ጎባ ስንጓዝ ጋሪ ወይም ከብት ሲገባ ነጂው ፍሬን ይይዛል፤ የመኪናው አፍንጫ ይደፋል፤ መሣሪያውም ዘንበል ብሎ የፍሬኑን ጉተታ የመንገድ ጉብታ ያስመስለዋል። ወደ ሰነቴ አምባ በሚወጣው ጠመዝማዛ ዳገት ላይ አንድ ዓይነት ፍጥነት መጠበቅ የባሰ ችግር ነው።

እንግዲህ ምን እንጠይቅ? አንዱን መንገድ ደጋግሞ፣ በልዩ ልዩ ፍጥነት መለካት፤ አጭር ክፍሉን በቀያሽ መሣሪያ ለክቶ ማመሳከር፤ ከቁጥሩም ጋር ቀኑንና ፍጥነቱን መጻፍ። ሚዛኑ ራሱ ሳይፈተሽ የመዘነው አይታመንም። ከመካከላችን ነገ መሐንዲስ የሚሆን ሁሉ፣ በአንድ ቁጥር ላይ የአንድ ወረዳ ሕዝብ መንገድ እንደሚመካ ያስታውስ።