ቡናውን የነቀለ ገበሬ



ስለ ተስፋ መቁረጥ እንድናገር ተጋብዣለሁ። ሰው ሲከፋው ቅስሙ ተሰበረ፣ ወኔው ከዳው፣ ሐሞቱ ፈሰሰ እንላለን። ጉዳቱን ሁልጊዜ ከሰውየው ገላ ውስጥ እንፈልገዋለን። ሐዘን ለደረሰበት ሰው ይህ ልክ ነው፤ ለቡና ገበሬ ሲነገር ግን ያስቆጣኛል። ገበሬው ቡናውን ሲነቅል «ተስፋ ቆርጧልና ምክር ይሰጠው» ይባላል። ዋጋው ለምን እንደወደቀ የሚነግረው የለም።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። እስከ 1989 እ.ኤ.አ. ድረስ አምራችና ገዢ አገሮች ወደ ዓለም ገበያ የሚወጣውን ቡና በኮታ ይወስኑ ነበር። በዚያ ዓመት ኮታው ቀረ። ቬትናም ምርቷን አበዛች፣ ብራዚልም ጨመረች። በ1997 በኒውዮርክ ገበያ ፓውንዱ ከ3 ዶላር በላይ ደርሶ የነበረ ቡና በ2001 ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። ችግኝ ፍሬ እስኪይዝ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል፤ በ1997 ዋጋ ደስ ብሎት የተከለ ሰው ለቀማ የጀመረው ገበያው በወደቀበት ሰዓት ነው። በክረምት ደግሞ ጎተራው ይጎድላል፣ የልጆች ደብተር ይገዛል፤ ቡናው ገና ሳይቀላ ለነጋዴ ብድር ይያዛል። በሐረርጌ ብዙ ሰው ቡናውን ነቅሎ ጫት ተከለ። ያ ሰው ያደረገው ቤቱን ለማዳን ሂሳብ መሥራት ነበር።

አሁን ደግሞ ልቤን የሚያሞቀውን ልንገራችሁ። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ውስጥ ታየ፤ ፍሬውን ገና በአረንጓዴነቱ እያጠቆረ ያረግፍ ጀመር። የጅማ ተመራማሪዎች በሽታው በወረረው አገር ዞሩ፤ ዙሪያው ሁሉ ሲጠቁር ፍሬው ጤነኛ ሆኖ የቆመ ዛፍ ፈለጉ። ዘሩን አፍልተው በበሽታው ፈተኑት፤ የጸናውን አባዝተው ለገበሬ ሰጡ። ዛሬ በቁጥር የምንጠራቸው 74110 እና 74112 የዚያ ፍለጋ ውጤቶች ናቸው፤ 74 የሚለው የተመረጡበት ዓመት ነው። እንዲህ ያለ ዛፍ የተገኘው በደቡብ ምዕራብ ጫካዎቻችን የቡናው ዘር ብዙ ዓይነት ስለሆነ ነው። ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. የመዘገበው የካፋ ባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ይህንኑ ሀብት ይዟል። ያኔ ተመራማሪዎቹ ገበሬውን «አይዞህ» ብቻ ብለውት ቢሄዱ ኖሮ ማሳው ባዶ በቀረ ነበር።

ወደ ዋጋው ስንመለስ፣ በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በኒውዮርክ ገበያ የቡና ፓውንዱ ከ4 ዶላር አለፈ። ቀድሞ የነቀለ ሰው ግን የሚለቅመው የለውም።

ስለዚህ ከቡና ገበሬዎች ዩኒየንና ከኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ኃላፊዎች የምጠይቀው ይህን ነው፤ የክረምቱን ብድር ገበሬው ከማኅበሩ ያግኝ፤ የሳምንቱ ዋጋም ለቀማው ከመጀመሩ በፊት አንስቶ በካፊ ኖኖ ቋንቋ በየገበያው ይነገር።