ከገበያ ግፊያ የሚያሳርፍ ወጥ፦ የታሸገ ቱና በመርካቶ ቤቶች



መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር፤ መጋቢት 30 ቀንም የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታውጆ ነበር። መርካቶ ግን የብዙ ቤተሰብ የዕለት ጉርስ ናትና ያኔም ሥራዋን አላቆመችም ነበር። በበርበሬ ተራና በሽንኩርት ተራ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራርቆ መገበያየት ለመናገር ይቀል ነበር፤ ለመፈጸም ግን ያስቸግር ነበር። ስለዚህ በዚያን ጊዜ አንድ ቤተሰብ በእጁ የነበረው አስተማማኝ መከላከያ ወደ ግፊያው የሚገባበትን ቀን ማሳነስ ነበር፦ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጤነኛ ጎልማሳ ብቻ፣ ጭምብሉን አድርጎ።

በየቀኑ ወደ ገበያ የሚያመላልሰው አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ የሚበላሽ ምግብ ነው። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ሥጋ ማሳደር አይችልም። የታሸገ ቱና የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ጣሳው እስኪከፈት ድረስ በመደርደሪያ ላይ ለወራት ይቆያል፤ ጥሩ ፕሮቲንና ቪታሚን ቢ12ም ይሰጣል። ከባሕር ማዶ የሚመጣ በመሆኑ ለሁሉም ኪስ አይመችም፤ ዋጋው የከበደው ቤተሰብ ምስርና ሽሮ ፕሮቲኑን በርካሽ ይሰጡታልና ለቱና ብሎ መበደር የለበትም።

በግዢ ጊዜ ጣሳው ይገላበጥ። ያበጠ፣ የዛገ፣ መጋጠሚያው ላይ የተጨረመተ፣ ወይም የአገልግሎት ጊዜው የተፋቀ ጣሳ በግማሽ ዋጋም ቢሆን አይገዛም። በአበጠ ጣሳ ውስጥ የሚፈጠረው መርዝ ሽታም ጣዕምም ላይኖረው ስለሚችል "ቀምሼ ልየው" ማለት አደገኛ ነው። ቤት ሲደረስ እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ የጣሳው ክዳንም ከመከፈቱ በፊት እንዲሁ፤ መጋዘን አቧራና አይጥ አያጣምና። ምግብን ወይም ዕቃውን በበረኪና መንከር ግን አያስፈልግም፤ ጉዳት አለው።

ወደ አሠራሩ ሲመጣ፣ ቱና ጣዕም የለውም የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ቱናውን ከሽንኩርቱ ጋር አብረው የሚያንተከትኩ ናቸው። ቱና በጣሳው ውስጥ በስሎ የመጣ ነው፤ ዳግመኛ ሲንተከተክ ይደርቃል፤ ክር ክርም ይላል። ጣዕሙ የሚገኘው ከቁሌቱ ነው። ሁለት ሦስት ራስ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ተከትፎ፣ ያለ ዘይት፣ ውሃ ጠብ እየተደረገበት በደንብ ይቁላላ። ከዚያ ጥቂት ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይጨመርና በርበሬው ጥሬ ጥሬ ማለቱን እስኪተው ድረስ በቀስታ ይብሰል። አንድ ቲማቲም ይከተላል። ለአምስት ሰው አንድ ጣሳ ያንሳል፤ ሦስት የተቀቀለ ድንች ቆራርጦ ማስገባት ወጡን ያበረክተዋል። ቱናው ተጠንፍፎ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል። የተሰነጠቀ ቃሪያ ጣል አድርጎ ማውጣት ነው። ጨው ሳይቀመስ አይጨመርም፤ ጣሳው ውስጥ አስቀድሞ አለና።

መብራት በጠፋበት ቀን ደግሞ እሳት የማይፈልግ አለ፦ ቱና፣ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ብዙ ሎሚ፤ ከዳቦ ጋር። በረመዳን ለማፍጠሪያ ሳምቡሳ ውስጥ ከምስር ጋር ሊቀላቀል ይችላል። ለሕፃን በርበሬ ሳይነካው ከተፈጨ ድንች ጋር ይሰጣል። በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው የቆየ ክርክር የምእመኑና የንስሐ አባቱ ጉዳይ ነው።

ለአረጋውያን የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዚህ በሽታ ይበልጥ የሚጎዱት እነርሱ ናቸው፤ ብዙዎቹም የደም ግፊት አለባቸው። ለእነርሱ በውሃ የታሸገው ይመረጥ፤ ውሃውም ይደፋ። ነፍሰ ጡር እናቶች ቱና በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ ባይበሉ ይመረጣል፤ ምክንያቱም በባሕር ዓሣ ውስጥ የሚገኘው ሜርኩሪ ሲበዛ ፅንሱን ይጎዳል።

የተከፈተ ጣሳ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት በዚያው ማዕድ ያልቃል እንጂ አያድርም። በሙቀት የቆየ ቱና በደንብ ቢሞቅም እንኳ ፊትን የሚያቀላና የሚያሳክክ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል። ማቀዝቀዣ ያለው በንጹሕ ዕቃ ገልብጦና ከድኖ እስከ ሁለት ቀን ሊያቆየው ይችላል።

በአንድ ግቢ ብዙ አባወራ አንድ ማዕድ ቤት በሚጋራበት ሰፈር፣ ሽንኩርቱና ድንቹ በየቤቱ ተከትፎ ቢመጣ ምድጃው ዘንድ የሚቆየው ሰው አንድ ብቻ ይሆናል፤ ወረፋውም ያጥራል። በርና መስኮት ይከፈት። ትኩሳት፣ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ያለበት ሰው ማማሰያውን ለሌላ ያስረክብ፤ ምግቡ በተለየ ሳሕን ይቅረብለት፤ ወደ 8335 ነፃ የስልክ መስመርም ይደወል።