የወፍጮ ሞተር ቫልቭ አፈታት



የናፍጣው ወፍጮ ቆሞ እናቶች እህል ተሸክመው እስከ ሰበታ ሲመላለሱ አይተናል። ሞተሩ አልነሳ ያለው ቫልቩ አልዘጋ ብሎ ነበር። ቫልቭ ማለት በር ነው፤ አንዱ አየር ያስገባል፣ ሌላው ጭስ ያስወጣል። በሩ ካልገጠመ አየሩ አይታመቅም፤ ካልታመቀ አይግልም፤ ናፍጣውም አይነድም።

ቴስታታው፣ ማለት የሞተሩ ክዳን፣ ከወረደ በኋላ ለመፍታት አትቸኩሉ። በአየሩና በጭሱ ቀዳዳ ነጭ ጋዝ ጨምሩበት፤ እሳት ይራቅ። በቫልቩ ጠርዝ ካንጠባጠበ ይፈታል። ካላንጠባጠበ ጥፋቱን ሌላ ቦታ ፈልጉት።

ሲፈታ ከቫልቩ ራስ ስር እንጨት ይደገፍ። ሞላውን በመጭመቂያ ስትጫኑት ሁለት ትናንሽ ሽብልቆች ይላቀቃሉ፤ በማግኔት ይለቀማሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ! እኛ ስንፈታ አንዱ ሞላ ተስፈንጥሮ ጣራውን መታው። ዓይናችንን አግኝቶት ቢሆን ኖሮ ይህን ባላነበብንላችሁ ነበር። ፊታችሁን አርቁ፤ ጨርቅ ጣል አድርጉበት።

ቫልቮቹ ቢመሳሰሉም አይቀላቀሉ። እያንዳንዱ ከገዛ መቀመጫው ጋር ተፋግቶ የለመደ ነው፤ በሌላው ቦታ ከገባ አየር ያሳልፋል። ካርቶን ብሱና በየተራቸው ሰኩ፤ ከጎናቸው 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብላችሁ ጻፉ። ቁጥሩን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።