የመኪና መብራት ውኃ ሲቋጥር
(በነታንያ ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ምዝገባ ስንነጋገር አንድ አባት እጃቸውን አውጥተው «መኪና ገዛሁ፤ መብራቱ ውስጥ ግን ውኃ አለ፤ ምን ላድርግ?» ብለው ጠየቁኝ። አዳራሹ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያ መኪናዬን የገዛሁት ከፋብሪካ የሌሊት ሥራ ባጠራቀምኩት ገንዘብ ነው። ሻጩ ያሳየኝ በበጋ፣ በቀትር ፀሐይ ነበር፤ መብራቶቿ ያብረቀርቁ ነበር። የመጀመሪያው ዝናብ በዘነበ ማግስት ግን በቀኙ መብራት ውስጥ አንድ ሲኒ የሚሞላ ውኃ ተኝቶ አገኘሁ። «ይደርቃል» ብዬ ተውኩት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሌሊት ከሥራ ስመለስ፣ በጨለማና በዝናብ፣ ብስክሌቱን እየገፋ የሚሄድ ሰው ድንገት ከፊቴ ብቅ አለ። የነበረው በቀኝ በኩል ነው፤ በደከመው መብራት በኩል። መሪውን ጠምዝዤ ለጥቂት አለፍኩት። ከዚያ መኪናዋን ዳር አቁሜ እጄ መንቀጥቀጡን እስኪተው ድረስ ተቀመጥኩ። ያ ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እኛ ባደግንበት አገር ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። እዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ በጋው ደረቅ ሆኖ ዝናቡ የሚመጣው ሌሊቱ በሚረዝምበት ወራት ነው። በዚያ ላይ ነታንያ የባሕር ዳር ከተማ ናት። ዝናብ በሌለበት ቀን እንኳ አየሩ እርጥብ ነው፤ ጧት ስትነሡ መኪናችሁ ጤዛ ለብሳ ታገኟታላችሁ። ሕጉም ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 ድረስ ከከተማ ውጭ ባለ መንገድ በቀንም ጭምር መብራት አብርታችሁ እንድትነዱ ያዛል። ስግድም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው በኖቬምበር ነው፤ ያን ዕለት ጎህ ሳይቀድ ልጆችንና አያቶችን ጭነን ወደ ኢየሩሳሌም የምንነሣ ስንቶች ነን?

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ብዙ ሰው የመኪና መብራት ጥርቅም ተደርጎ የታሸገ ዕቃ ይመስለዋል። አይደለም፤ ይተነፍሳል። ከጀርባው ትንንሽ የአየር መተንፈሻዎች አሉት። መብራቱ ሲበራ በውስጡ ያለው አየር ይሞቅና በእነርሱ በኩል ይወጣል፤ ሲጠፋ ደግሞ ይቀዘቅዝና የውጭውን አየር ወደ ውስጥ ይስባል። የሳበው አየር እርጥብ ከሆነ በቀዝቃዛው መስተዋት ላይ ጉም ይሠራል። እናቶች ይህን ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ፤ የምጣዱ ክዳን እንፋሎቱን ካላስወጣ ላቡ ተመልሶ እንጀራው ላይ ይንጠባጠባል።

ስለዚህ ጧት ወይም መኪና ከታጠበ በኋላ በሁለቱም መብራቶች ጠርዝ ላይ ስስ ጉም ብታዩ አትደንግጡ። መብራቱን አብርታችሁ ጥቂት ስትነዱ ከጠፋ ምንም አይደለም። አንዱ መብራት ብቻ ሲያልበው፣ ጠብታው ሲወርድ ወይም ውኃው ከታች ሲጠራቀም ግን የሆነ ቦታ ያፈስሳል ማለት ነው።

የእኔ መኪና በዚያ ዓመት ቴስት ወደቀች። መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ፣ ስሙን አልጠራም፣ ሁለቱንም መብራት ካልቀየርክ አለኝ። የጠየቀኝ ገንዘብ የቤት ኪራዬን ያህል ነበር። በኋላ ያገኘኋቸው አንድ ሽማግሌ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ኮፈኑን ከፍተው፣ እጃቸውን ከመብራቱ ጀርባ ሰደዱና ሳቁ። ከእኔ በፊት አምፖሉን የቀየረው ሰው የጎማ ክዳኑን ሳይመልስ ትቶት ኖሯል። ውኃው የሚገባው በዚያ ነበር። ለክዳኗ የከፈልኩት ከሃያ ሸቅል አይበልጥም።

እናንተም ከዚያ ጀምሩ። መብራቱ ጠፍቶና ቀዝቅዞ እያለ የጀርባውን ክዳን እዩ፤ ጎማው ተሰንጥቋል? ተጣሟል? ቀጥሎ የፊቱን መስተዋት ስንጥቅ፣ በመጨረሻም መስተዋቱና ገላው የተጣበቁበትን ዙሪያ ተመልከቱ። ካላገኛችሁት መጀመሪያ መብራቱን አድርቁት። ከዚያ አንድ ሰው ከላይ በጆግ ቀስ እያደረገ ውኃ ያፍስስ፤ እናንተ በእጅ ባትሪ ከየት እንደሚገባ ተከታተሉ። በግፊት ውኃ አትሞክሩ፤ ደህናውንም ማሸጊያ ያበላሻል።

ለማድረቅ የጀርባውን ክዳንና አምፖሉን አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ መተው፣ ወይም የፀጉር ማድረቂያ በትንሽ ሙቀት ራቅ አድርጎ መንፋት ይበቃል። ውስጡን ግን በጨርቅ አትወልውሉ፤ ብርሃኑን የሚመልሰው የሚያብረቀርቅ ቅብ በቀላሉ ይላጣል። የአምፖሉንም ብርጭቆ በባዶ እጅ አትንኩ፤ የጣት ቅባት ከቀረበት እዚያ ቦታ ላይ ከመጠን በላይ ይግልና ዕድሜው ያጥራል። መብራታችሁ ክሴኖን የሚባለው ዓይነት ከሆነ ከፍተኛ ቮልት ስላለው ራሳችሁ አትፍቱት።

ስንጥቁን ወይም ዙሪያውን በሲሊኮን መድፈን ይቻላል። ነገር ግን እንደ ኮምጣጤ የሚሸተውን አትግዙ፤ የሚያወጣው አሲድ የውስጡን ቅብ ይበላል። ከሁሉ የከፋው ስሕተት መተንፈሻዎቹንም ጭምር መድፈን ነው። ውኃ እንዳይገባ ብለን የገባው እንዳይወጣ እንዘጋበታለን። ከታች በመሰርሰሪያ መብሳትም አይረባም፤ በቀዳዳው አቧራና ውኃ ይገባል።

ቅቡ ከጠቆረ ወይም ከተላጠ መድረቅ አያድነውም፤ መብራቱ መለወጥ አለበት። አዲስ ካልተቻለ ፒሩክ ከሚባለው፣ የአሮጌ መኪና ዕቃ ከሚሸጥበት ቦታ ይገኛል፤ ደረሰኝ ተቀበሉ። ከተገጠመ በኋላም የብርሃኑ አቅጣጫ ይስተካከል፤ ቴስት ላይ ይህን ይመረምራሉ፣ ከፊት የሚመጣውንም ሹፌር ያሳውራል።

ዕብራይስጡ ገና ለሆነባችሁ የሚያስፈልጓችሁ ቃላት ጥቂት ናቸው። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሐሽማላይ ሬኸቭ ነው፤ መብራቱ ፓናስ፣ አምፖሉ ኑራ፣ ማሸጊያው ጎማ አቴም ይባላል። «ዬሽ ማይም ባፓናስ» ካላችሁ መብራቱ ውስጥ ውኃ አለ ማለታችሁ ነው። ሁለቱንም ቀይሩ ካሏችሁ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ውኃው በየት እንደሚገባ በጣታቸው እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ። ገና ልትገዙ ያሰባችሁም ከቀትር ይልቅ በማለዳ ሂዱና እዩ።

እኚያ የጠየቁኝ አባት መኪናቸውን እዚሁ ግቢ ውስጥ አቁመዋታል። ጆግና የእጅ ባትሪ ይዣለሁ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ወጥተን ክዳኑን አብረን እንፍታው።