መኪናው ቢያመልጥም መብታችን አያመልጥም

(በማኅበራችን የጾሬ አባላት ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በ2010 ዓ.ም. አንዲት አባላችን ካደረጉት ንግግር የተወሰደ)



ሊቀመንበራችን «ዛሬ ቁጠባው ከተሰበሰበ በኋላ ትናገሪያለሽ» ስትለኝ፣ «እኔ እኮ የሕግ ሰው አይደለሁም» ብያት ነበር። እሷ ግን «የሕግ ሰው ሌላ ቀን እንጠራለን፤ ዛሬ የምንፈልገው የደረሰባትን ሴት ነው» አለችኝ። ስለዚህ መጀመሪያ የደረሰብንን እነግራችኋለሁ። ቀጥዬ ደግሞ ከዚያ ወዲህ እየጠየቅሁና አዋጁን እያስነበብኩ የተረዳሁትን አካፍላችኋለሁ።

በ2006 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ታናሽ እህቴ ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ዳር ማንጎ ትሸጥ ነበር። ጊዜው መሸትሸት ሲል ነው። የተረፈውን ማንጎ ወደ ማዳበሪያው ስትመልስ አንድ ፒካፕ መጥቶ ገጫት። ትንሽ ቀዝቀዝ አለና መልሶ ነዳው። አጠገቧ የነበሩት ልጆች አንዱ «ነጭ ነው» አለ፣ ሌላው «የለም፣ ብርማ ነው» አለ። ታርጋውን ያየ የለም።

በባጃጅ ጭነን ሐኪም ቤት አደረስናት። እግሯ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። በማግስቱ አንዲት ነርስ «ፖሊስ አውቆታል?» ብላ ጠየቀችን። ወንድሜ «ከማን ጋር ልንካሰስ ነው? መኪናው የለ፣ ታርጋው የለ! ነፍሷ ተርፏል፣ ተመስገን ነው» አለ። እኛም ዝም አልን። ፍየሎቹን ሸጥን፣ ቀጥሎም በሬውን ሸጥን። እህቴ አራት ወር ተኛች። ዛሬም እያነከሰች ነው የምትሄደው፤ ማንጎ ተሸክማ ገበያ መውጣት አልቻለችም።

ሦስት ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ በአንድ ሥልጠና ላይ ገጪው ያልታወቀ ሰው ካሳ የሚያገኝበት ሕግ እንዳለ ሰማሁ። ልቤ ዘለለ። ሄጄ ስጠይቅ መጀመሪያ የተባልኩት «የፖሊስ ሪፖርት አምጪ» ነው። ሪፖርት የለም፤ እኛው ነን ያላስመዘገብነው። ምስክር ልፈልግ ብል ከልጆቹ አንዱ አገር ለቋል፣ ሌላው በደንብ አያስታውስም። የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከዚያ የሚረዝም ከሆነ ጊዜው ይራዘማል ብንል እንኳ፣ በእጃችን የያዝነው ማስረጃ አልነበረም። መኪናው አንድ ጊዜ ጎዳን፣ ዝምታችን ደግሞ ሁለተኛ ጎዳን።

አሁን ወደ ሌላኛዋ ልሂድ። ይህች እህታችን እዚሁ መካከላችን ተቀምጣለች፤ እንድናገርላት ፈቅዳልኛለች፣ ስሟን ግን አልጠራም። ባለቤቷን በሞተር ሲሄድ ሌሊት መኪና ገጭቶት አመለጠ፤ እሱም አልተረፈም። ያን ሌሊት ግን ጎረቤቶቿ አንድ ብልህ ነገር አደረጉ። ግማሾቹ እሱን ወደ ሐኪም ቤት ሲወስዱ፣ ሁለቱ ቦታው ላይ ቀሩ። የወደቀውን የስፖኪዮ ስብርባሪና የፍሬቻ ቁራጭ ማንም እንዳይነካው ጠብቀው ትራፊክ ፖሊስ አስጠሩ። ፖሊሱ ለካ፣ ፕላን አነሳ፣ የምስክሮችን ቃል ተቀበለ። ያ መኪና እስከ ዛሬ አልተገኘም። እሷ ግን በዚያ ወረቀት ከመድን ፈንድ ካሳ ተከፍሏታል፤ ልጆቿም ከትምህርት ቤት አልወጡም።

የእኛና የእሷ ልዩነት ዕድል እንዳይመስላችሁ። ልዩነቱ አንድ የፖሊስ ወረቀት ነው።

እንግዲህ ሕጉ ምን ይላል? አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ባለተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ ያስገድዳል። መስታወት ላይ የሚለጠፈው ስቲከር የእሱ ምልክት ነው። ሦስተኛ ወገን ማለት እኛ ነን፤ መንገድ ዳር የምንቆመው፣ በእግር የምንሻገረው። መኪናው ከታወቀና መድን ካለው ኢንሹራንሱ ይከፍላል። ገጭቶ ካመለጠና ካልታወቀ፣ ወይም ታውቆ መድን ከሌለው፣ ለሞትና ለአካል ጉዳት የመድን ፈንድ ይከፍላል። መድን ያልገባ ባለንብረት ከሆነ ደግሞ ፈንዱ የከፈለውን መልሶ ከእሱ ይጠይቃል።

መጠኑን ላላችሁ፣ አዋጁ በ2005 ዓ.ም. ሲወጣ ለሞት ከ5,000 የማያንስ ከ40,000 ብር የማይበልጥ፣ ለአካል ጉዳት ደግሞ እስከ 40,000 ብር ወስኖ ነበር። የአስቸኳይ ሕክምና ወጪም እስከ 2,000 ብር እንዲሸፈን ደንግጎ ነበር። ሕግ ሲሻሻል መጠኑም ይለወጣልና በየጊዜው ጠይቁ።

«ይህቺ ናት እንዴ የሰው ዋጋ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ነገር አለ። ይህ ገደብ የመድኑ ገደብ እንጂ የባለንብረቱ ገደብ አይደለም። ገጪው ከተገኘ ከመድኑ በላይ ያለውን ጉዳት በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ከራሱ መጠየቅ ይቻላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 ላይ የመኪናው ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ሹፌሩ ሌላ ሰው ቢሆንም ማለት ነው። «እኔ አልነዳሁም፣ ባጃጇን ለልጅ አከራይቼ ነው» ማለት አያድነውም። ተሰርቃብኝ ነበር ካለ እሱ ራሱ ማስረዳት አለበት። ጥፋቱ የተጎጂው ከሆነ ወይም ተጎጂው በከፊል አጥፍቶ ከሆነ ግን ኃላፊነቱ ሊቀርለት ወይም ሊቀነስለት ይችላል። መሻገሪያችንንና ምሽት ላይ የምንቆምበትን ቦታ መጠንቀቅ ያለብን ለዚህም ጭምር ነው።

ሰው ሲሞት የትዳር ጓደኛ፣ ወላጆችና ልጆች የሚያኖራቸውን ሰው ስላጡ ካሳ መጠየቅ ይችላሉ። ለሐዘን ለብቻው የሚሰጠው የሕሊና ካሳ ግን በዚሁ አሮጌ ሕግ ከ1,000 ብር አይበልጥም። ስለዚህ ዳኛ ፊት እንባችን ብቻውን ብዙ አያመጣም። የሚያመጣው የጠፋው ገቢ ማስረጃ ነው። ሟቹ ወይም ተጎጂዋ በሳምንት ስንት ታገኝ ነበር? ስንት ሰው ታስተዳድር ነበር? እህቶቼ፣ ይህቺ በየሳምንቱ የምንሞላት የቁጠባ ደብተር ለዚህ ትጠቅማለች። የእህቴን ደብተር ብታዩት እስከዚያ ግንቦት ድረስ አንድም ሳምንት አልዘለለችም። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። ይህን ለዳኛ ማሳየት በቻልኩ ኖሮ!

ገጭቶ መሸሽ ራሱን የቻለ ጥፋት መሆኑንም እወቁ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በቁጥር 575 በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው ሳይረዱ መተው ያስቀጣል፤ ጉዳቱን ያደረሰው ራሱ ጥሎ የሄደው ሰው ሲሆን ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል። በቸልተኝነት ሰው መግደል በቁጥር 543 ይታያል። ዐቃቤ ሕግ የወንጀሉን ክስ ሲያቀርብ የካሳ ጥያቄያችን ከዚያው ጋር እንዲታይ ፍርድ ቤቱን ማመልከት እንችላለን። ለብቻው ለመክሰስ የዳኝነት መክፈያ የሌላት ደግሞ ከቀበሌዋ ማስረጃ ይዛ በድኃ ደንብ ለመክሰስ መጠየቅ ትችላለች።

አሁን ስለ ሽምግልና ልናገር፤ እዚህ ላይ ቅር የምትሉኝ ካላችሁ ከወዲሁ ይቅርታ። ሽማግሌዎቻችንን አከብራለሁ። ቤርታውም፣ ከወሎ በሰፈራ የመጣነውም፣ ሁላችንም ደም እንዳይቃባ ያደረጉልን እነሱ ናቸው። ታርቆ ለቅሶ መድረስ፣ አብሮ መብላት መልካም ነው። ነገር ግን በሦስተኛው ቀን፣ ሐዘንተኛዋ ገና ፊቷን ሳትታጠብ፣ አንድ በሬና ጥቂት ብር ተሰጥቷት «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ወረቀት ላይ አውራ ጣቷን ታትማለች። ያ ወረቀት በኋላ ፍርድ ቤት ይመጣባታል። ዕርቁን አልቃወምም። ወረቀቱን ግን ሳታስነብቡ አትፈርሙ፤ ቢያንስ የሚያነብላችሁ የራሳችሁ ሰው ይኑር። ሰው ከሞተ ደግሞ ወንጀሉ የመንግሥት ጉዳይ ስለሆነ በቤተሰብ ዕርቅ ብቻ አይዘጋም።

ባለፈው አንዲት እናታችን «ልጄ፣ የልጅን ደም በብር መቀበል ነውር አይደለም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። እማማ፣ የነፍስን ዋጋ ማንም አይከፍልም፤ ሕጉም ከፍያለሁ አይልም። ካሳ የሟች ዋጋ አይደለም። የቀሩት ልጆች እራት ነው፣ ደብተር ነው፣ የክረምት ጫማ ነው። «የሞተ ተጎዳ» እንላለን፤ የቀረውም አብሮ እንዲጎዳ ግን ማን ፈረደበት?

እንግዲህ አደጋ ሲደርስ ምን እናድርግ? በቃላችሁ ያዙት።

አንደኛ፣ ተጎጂውን ወደ ሐኪም ቤት ስትወስዱ ሁለት ሰው ቦታው ላይ ይቅር። የወደቀ ስብርባሪ አይነሳ፣ ደም ያረፈበት ቦታ አይጠረግ።

ሁለተኛ፣ በዚያው ዕለት ለፖሊስ አስመዝግቡ። ታርጋው ሙሉ ባይታወቅ ሁለት ቁጥር፣ ቀለሙ፣ ጭነቱ፣ የሄደበት አቅጣጫ፣ ሰዓቱ ይነገር። መብራቱ የተሰበረ መኪና ነገ ጋራዥ መግባቱ አይቀርም።

ሦስተኛ፣ ያዩትን ሰዎች ስምና ስልክ በዚያው ምሽት ጻፉ። መጻፍ የማትችል ልጇን ታስጽፍ።

አራተኛ፣ የሕክምና ማስረጃና እያንዳንዱን ደረሰኝ፣ የባጃጁንም ሳይቀር፣ በአንድ ፌስታል አኑሩ። ለሞት ከሆነ የሞትና የወራሽነት ማስረጃ ይጠየቃል። የጋብቻ ወረቀት የሌላት አትደንግጥ፤ እንደ ባልና ሚስት መኖራቸውን በምስክሮች ማስረዳት ይቻላል።

አምስተኛ፣ 2 ዓመት ሩቅ አይምሰላችሁ። ሐዘኑ አርባ፣ ከዚያ እርሻ፣ ከዚያ ክረምት እያለ ሳታስቡት ያልቃል።

የመድን ፈንድን ጉዳይ በክልሉ ትራንስፖርት ቢሮ በኩል ጠይቁ። ሕግ የሚያስረዳ ካጣችሁ ወደ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ክፍል ሄዳችሁ ነፃ ምክር ይሰጣችሁ እንደሆነ ጠይቁ፤ መጠየቅ ገንዘብ አያስከፍልም።

በመጨረሻ ለማኅበራችን ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። ከማኅበራዊ መዋጯችን ትንሽ ተቀንሶ ለአደጋ ጊዜ መጓጓዣ ይቀመጥ፤ ፖሊስ ጣቢያና ሐኪም ቤት ለመመላለስ ብር ስላጣች ብቻ መብቷ የሚቀርባት ሴት አትኑር። ሁለተኛው፣ በየመንደሩ ጽሕፈት የምትችል አንዲት አባል ትመረጥና አደጋ ሲደርስ ከተጎጂዋ ጋር ጣቢያ ድረስ ትሂድ። ዛሬ በመካከላችን የተገኛችሁ ደጋፊዎቻችንም በዚህ ብታግዙን፣ የምትሰጡት አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶና የጥቂት ቀን የትራንስፖርት ብር ነው። የሚያስገኘው ግን የአንድ ቤት ዓመት ኑሮ ሊሆን ይችላል።

እህቴ ዛሬ ልትመጣ ፈልጋ ነበር፤ መንገዱ ራቃትና ቀረች። ስወጣ «ንገሪያቸው፣ ነርሷ ስትጠይቀን አዎ እንበል ነበር በያቸው» ብላኛለች። መልእክቷን አድርሻለሁ።