ሚሊ ሜትሩ ስንት በርሜል ነው?
በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር




ቁና ከገበያ ገበያ ይለያያል፤ በዚህ ልዩነት ብዙ አርሶ አደር እህሉ ተበልቶበታል። ዩኒየን በኩንታል የሚገዛው ኩንታል የትም ቢሄድ 100 ኪሎ ግራም ስለሆነ ነው። ዝናብ ግን አሁንም በቁና የሚሰፈር ይመስላል። “ዘንድሮ ጥሩ ጥሏል”፣ “ትንሽ አካፍቷል” ይባልና በዚሁ ወሬ በብድር የተወሰደ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር መሬት ውስጥ ይገባል። ዝናቡ ተቋርጦ ቡቃያው ሲደርቅ ዕዳው እዚያው ይጠብቃል።

ዝናብ የሚለካው በሚሊ ሜትር ነው። ውሃ በሊትር እንጂ በርዝመት እንዴት ይለካል የሚል ብዙ ነው፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚለካው፣ የወረደው ውሃ ሳይሰርግ፣ ሳይፈስና ሳይተን ባለበት ቢቆም በመሬቱ ላይ የሚኖረው ከፍታ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር፣ በ1 ሄክታር ላይ 10,000 ሊትር ውሃ ይሆናል። ጥማድ እንደየአካባቢው ቢለያይም ብዙ ጊዜ የሄክታር ሩብ ተደርጎ ስለሚቆጠር፣ በአንድ ጥማድ ላይ 2,500 ሊትር ማለት ነው፤ 200 ሊትር በሚይዘው በርሜል 12 በርሜል ተኩል።

ከፍታ በመሆኑም የጣሳው አፍ ቢሰፋ ቢጠብ ልኩ አይለወጥም፤ ግድግዳው ቀጥ ያለ ይሁን እንጂ። አፉ ሰፍቶ ታቹ የጠበበ ባልዲ ዝናቡን አብዝቶ ያሳያል።

ትልቁ ጥቅም ግን ሂሳቡ ላይ ነው። ከአፈርና ከቅጠል ተንኖ የሚሄደው ውሃም የሚነገረው በሚሊ ሜትር ስለሆነ አንዱን ከሌላው መቀነስ ይቻላል። ለምሳሌ አንድ ሰብል በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውሃ ቢፈልግ በ10 ቀን 50 ይሆናል። በነዚያ ቀናት የዘነበው 30 ከሆነና በአፈሩ ውስጥ የተጠራቀመ እርጥበት ከሌለ 20 ሚሊ ሜትር ጎድሏል፤ ለአንድ ጥማድ 250 በርሜል። ፓምፕ ለመከራየት ያሰበ ማኅበር ከዚህ ይነሳል።

የጊዜው ነገርም አለ። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየ10 ቀኑ በሚያወጣው መግለጫ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ተብሎ የሚጻፈው የ10 ቀኑ ድምር ነው። ያ ዝናብ ተከፋፍሎ ከወረደ ማሳ ያረሰርሳል፤ በአንድ ሰዓት ከወረደ ግን አፈሩን ጠርጎ ወንዝ ይገባል።

ሙቀት በዲግሪ ሴልሺየስ ይነገራል፤ የሚለካው ግን በጥላ ሳጥን ውስጥ፣ ከመሬት ከ1 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ነው። ሰማዩ በጠራና ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬቱ ከሳጥኑ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ 2 ዲግሪ በተባለበት ማለዳ የደጋ ባቄላ በውርጭ ተመትቶ ሊገኝ ይችላል። ነፋስ በሴኮንድ 1 ሜትር ሲባል በሰዓት 3.6 ኪሎ ሜትር መሆኑን ፀረ ተባይ የሚረጭ ቢያውቀው አይጎዳም።

በየማኅበሩ መጋዘን አጠገብ፣ ከዛፍና ከጣሪያ ራቅ ብሎ አንድ የዝናብ መለኪያ ቢተከል ወጪው ትንሽ ነው። በየዕለቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይነበባል፤ ቀኑና ሚሊ ሜትሩ ይመዘገባል። ያልዘነበ ዕለት 0 ይጻፋል እንጂ ባዶ አይተውም፤ ባዶው ቦታ ያልዘነበበት ይሁን ያልተነበበበት ቀን በኋላ አይለይምና።