ከራት በኋላ የተነበበ መጽሐፍ



ዛሬ ስለ አንድ ግጥም እንነግራችኋለን። ግጥሙ የተገጠመው ከእንግሊዝ በስተሰሜን በምትገኘው፣ ብርድና ዝናብ በሚበዛባት በስኮትላንድ ነው። ስሙ «የጭሰኛው የቅዳሜ ምሽት» ይባላል። የገጠመው ሮበርት በርንስ የሚባል የገበሬ ልጅ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1785 ዓ.ም. ሲገጥመው ዕድሜው 26 ዓመት ነበር። ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዓመቶችም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እኛ ይህን ግጥም በዩኒቨርሲቲ ያነበብነው ለፈተና ነበር። ፈተናው ሲያልፍ ረሳነው። እዚህ መጥተን ማታ ማታ ከእናንተ ጋር እሳት ዳር ስንቀመጥ ግን ትዝ አለን።

ግጥሙ ምን ይላል? በዚያ ዘመን በስኮትላንድ የራሱ መሬት የሌለው፣ በሰው መሬት ላይ ጎጆ ተሰጥቶት በጉልበቱ የሚኖር ሰው ነበር። ግጥሙ የሚናገረው ስለዚህ ጭሰኛ ነው። ጊዜው ኅዳር ነው። ነፋሱ ይጮኻል፤ ቀኑም አጥሯል። ጭሰኛው ሳምንቱን ሙሉ ሲደክም ሰንብቶ አካፋውንና ዶማውን ይሰበስብና ወደ ቤቱ ያዘግማል። ነገ እሑድ ነው፤ ያርፋል። ገና ደጃፉ ሲደርስ ትንንሾቹ ልጆች ሮጠው ይቀበሉታል። ሕፃኑ ጉልበቱ ላይ ወጥቶ ሲኮላተፍ ሰውዬው ድካሙን ይረሳል።

ጥቂት ቆይቶ ትልልቆቹ ልጆች ይመጣሉ። እነሱ በየገበሬው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ናቸው። ታላቂቱ ልጅ ጄኒ ወላጆቿ ተቸግረው እንደሆነ ልትሰጣቸው ደመወዟን ይዛ ትመጣለች። እናት በመርፌና በመቀስ አሮጌውን ልብስ አዲስ ታስመስላለች። አባት ልጆቹን ይመክራል። በዚህ መካከል በሩ ይንኳኳል። ጄኒን ሊሸኝ የመጣ የጎረቤት ጎረምሳ ነው። እናትየዋ ስሙን ስትጠይቅ ልቧ ይፈራል፤ ዋልጌ አለመሆኑን ስትሰማ ደስ ይላታል። አባትየው ደግሞ ስለ ፈረስ፣ ስለ ማረሻና ስለ ከብት ያጫውተዋል። ራታቸው የአጃ ገንፎና የላማቸው ወተት ነው። ለእንግዳው ክብር ሲባል እናት አስቀምጣ ያቆየችውን አይብ ታወጣለች።

ራት ከተበላ በኋላ ሁሉም እሳቱን ከበው ይቀመጣሉ። አባት ቆቡን ያወልቅና የአባቱ የነበረውን ትልቅ መጽሐፍ ቅዱስ ያነሣል። ዳዊት ይዘምራሉ፤ አባት ያነባል፤ ቤተሰቡ ያዳምጣል። ከዚያ ተንበርክኮ ይጸልያል።

እዚህ ላይ ልብ በሉልን። ያነበበው ማን ነው? ቄስ አልተጠራም፤ ጸሐፊም አልተጠራም። ገጹን የገለጠው አካፋ ይዞ የሰነበተው እጅ ነው።

ይህ ነገር እንዲያው የተፈጠረ ተረት አይደለም። ገጣሚው ያንን አባት የቀዳው ከገዛ አባቱ ነው። አባቱ ዊሊያም የሰው መሬት ተከራይቶ የሚያርስ ገበሬ ነበር። ልጁ ሮበርት በ1759 የተወለደው አባትየው በገዛ እጁ በጭቃ በሠራው ጎጆ ነው። በ1765 ዊሊያም ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ ለልጆቻቸው አስተማሪ ቀጠረ። አስተማሪውንም እናንተ እኛን እንዳሳደራችሁን በየቤታቸው በተራ አሳደሩት። አስተማሪው ሲሄድ ደግሞ አባት ራሱ በክረምቱ ምሽት በሻማ ብርሃን ልጆቹን ሒሳብ አስተማረ። እናታቸው ጥቂት ታነብ ነበር እንጂ ስሟን እንኳ መጻፍ አትችልም ነበር። ነገር ግን ዘፈን ታውቅ ነበር፤ የልጇን ጆሮ ለግጥም የከፈተችው እርሷ ናት።

ታዲያ ኑሯቸው ደልቶት ነበር? አልነበረም። መሬቱ ጠፍ፣ ኪራዩ ከባድ ነበር። ለዓመታት ሥጋ ከቤታቸው እንዳልገባ የሮበርት ወንድም በኋላ ጽፏል። አባትየው በኪራይ የተነሣ ከባለመሬቱ ጋር ተካሰሰ። በ1784 ፍርዱ ለእርሱ ወጣለት፤ ግን ጉልበቱም ገንዘቡም አልቆ ስለነበር ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሞተ። ይህን ሁሉ ግጥሙ አይነግረንም። ግጥሙ የሚናገረው ስለ ቅዳሜ ምሽት ብቻ ነው። የቀሩትን ስድስት ቀኖች መርሳት የለብንም። ድህነት መልካም ነገር ነው የሚል ትምህርት ከዚህ መውሰድም ስሕተት ነው።

አባቱ ከሞተ በሁለተኛው ዓመት በ1786 የሮበርት መጽሐፍ በኪልማርኖክ ከተማ በ612 ቅጂ ታተመ። የአባቱም ምሽት በውስጡ ነበር። ግጥሙን የጻፈው እንግሊዝኛን አገሬው ከሚናገርበት ከስኮትላንድ ቋንቋ ጋር ቀላቅሎ ነው። የጭሰኛ ቤት፣ ገንፎውና ላሚቱ መጽሐፍ ውስጥ ሊገቡ እንደሚገባቸው ያወቀው እዚያው ቤት ስላደገ ነው።

እንግዲህ እኛ ነገ እንሄዳለን። ፊደሉ ግን ከእናንተ ጋር ይቀራል። ካልተነበበ ይረሳል። መጽሐፉን ጣሪያ ሥር ሰክታችሁ አትተዉት። ራት ከተበላ በኋላ፣ ኩራዙ ሳይጠፋ፣ አንድ ገጽ ብቻ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ። ቃል ቢያስቸግራችሁ አትፈሩ፤ ቁጠሩና እለፉ። ልጆቻችሁ ይስሙ። እናቶችም ተራችሁን አትልቀቁ። ምናልባት ከሚሰሙት ልጆች አንዱ፣ አባቴ ሲያነብ፣ እናቴ ስታነብ እንዲህ ነበር ብሎ አንድ ቀን ይጽፍ ይሆናል።